ጣውንቴ ስክሪኗ

ትምህርት ቤት ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስተማረኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ ያውም በወረቀት ሳይሆን በብረት ላይ፣ በጠመኔ። አዳማ ውስጥ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሰፈር ጀርባ ብረት የምንቆርጥበትና የምንበሳበት ቶርኖ ቤት ነበረን፤ አሁን የልጃችን ሆኗል። የምንሠራው ብዙውን ጊዜ የውሃ ፓምፕን ከቧንቧ የሚያያይዝ ክብ ብረት ነው፣ ፍላንጅ ይሉታል። ዙሪያውን ስምንት ቀዳዳ ይበሳና ወደ መቂና ወደ ባቱ ይሄዳል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ ገበሬዎች ይወስዱታል።

ብረቱ የሚመጣው ከቁራሌው ነው። አንዱ ከተገለበጠ መኪና ወገብ የተቆረጠ ነው፣ አንዱ ከፈረሰ ድልድይ፣ አንዱን ደግሞ ከየት እንደመጣ አላህ ይወቀው። መልኩ አንድ ነው፣ ጠባዩ ግን ለየቅል። ባለቤቴ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ እኔ እያንዳንዱን በጣቴ አንጠልጥዬ ጠርዙን በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ መታ አደርገዋለሁ። ለስላሳው ድምፁ አጭር ነው፣ ተናግሮ ዝም ይላል። ጠጣሩ ጣቴን እስኪነዝረኝ ድረስ እየቀጠነ ይሄዳል። ለለስላሳው ለ፣ ለጠጣሩ ጠ ብዬ እንድጽፍበት አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎቼ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌሎቹን ኋላ ከዘይት ቆርቆሮና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ለቀምኳቸው።

ሌላው ሥራዬ መስማት ነበር። ድሪሉ አጠገብ በርጩማ ነበረችኝ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ፑንታውን አዳምጣለሁ። ፑንታ ብረቱን የሚበሳው ጠምዛዛው ነው፤ ስለት አለው፣ ስለቱም ያልቃል። አዲስ ሲሆን እንደ ሰነፍ ዝናብ ሽው ይላል። ሲደክም ማፏጨት ይጀምራል። ሊሰበር ሲል ፉጨቱ ውስጥ መንተባተብ ይገባበታል። "አውጣው" እላለሁ። ባለቤቴ ያወጣዋል፣ ጫፉን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቅና ወደ መሳያው ድንጋይ ይወስደዋል። ፑንታ ብረት ውስጥ ከተሰበረ ፍላንጁም ፑንታውም ከንቱ ነው፤ ስለዚህ የእኔ ጆሮ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቆቃ ላይ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ እንኳ በርጩማዬ አልተነካችም። ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ወደ እሷ ይሄዳል፣ አርብ ይመለሳል። እንዴት እንደቀናሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሐሙስ ሲደርስ ሸሚዙን ሳጥብ ቁልፉን ሆን ብዬ እበጥሰው ነበር፣ ተበጥሶ እንዲታይ። ግን ድሪሉ አጠገብ የምትቀመጠው እኔ ነበርኩ። ቤቱን ለሁለት ቢከፍለውም ያችን ቦታ አልከፈላትም። ይህን የማወራው ቅናት ለእኔ አዲስ እንግዳ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

እሱ ሲሞት ልጄ ተተካ። በልጄ ጊዜ ጠመኔውን ተውኩት፤ ብረቱን የማቀብለው እኔው ስለሆንኩ መጻፍ አላስፈለገኝም። ለስላሳውን በየዕለቱ አቀብለዋለሁ። ጠጣሩን ከግድግዳው ሥር እየደረደርኩ አቆይና ቅዳሜ ቅዳሜ አቀርብለታለሁ። "ዛሬ ቀስ ብለህ ሥራ" እለዋለሁ። እሱ የሳምንቱ ድካም አሳስቦኝ መስሎት እሺ ይላል። ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ቁልፌ ኳ ኳ ሳደርግ የሙስባሃ ዶቃ እንደ መቁጠር ያለ የአሮጊት ልማድ ይመስላቸዋል።

ልጄ "ላውጣው?" ሲለኝ ፊቱን ወደ እኔ የሚያዞርበት አኳኋን ነበረው። አባቱም እንዲሁ ነበር። አንገቱን ብቻ፣ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ። ለዚያ አንገት ስል ነው ይህን ያህል ዓመት የብረት ብናኝ ስውጥ የኖርኩት።

ከዚያ ኮምፒውተር ያለው ማሽን መጣ። ያገለገለ ነው፣ ግን ግሩም ነው፤ ቁም ሳጥን ያህላል፣ የመስታወት በር አለው፣ ውስጡ ውሃ እየተረጨ ራሱ ይበሳል። ማሽኑን ተከትላ ደግሞ ምራቴ መጣች። ማለቴ፣ ልጄን ካገባችው ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ ቶርኖ ቤት ግን ገብታ አታውቅም ነበር። የአሰላ ልጅ ናት፣ እዚሁ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጨዋ ናት፤ ስታናድደኝ እንኳ እጇን ታጥባ፣ ጎንበስ ብላ ነው።

መጀመሪያ ቀን ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከችና አስረዳችኝ።

"እማ፣ ይሄ ማሽን ሲሠራ ለራሱ ማስታወሻ ይይዛል። ሞተሩ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደተገፋ፣ ምን ያህል እንደደከመ። ማንም አያነብለትም ነበር። እኔ ላነብለት ነው።"

"አንብበሽስ?"

"ፑንታው መቼ እንደሚያረጅ ሳይሰበር እናውቃለን።"

እኔስ የት ሄጄ ነው፣ ብዬ በሆዴ አሰብኩ።

ማሽኑ ላይ አንዳች ነገር አልገጠመችበትም፤ ገመድ ብቻ ሰካችና ማስታወሻውን ወደ ስክሪኗ ሳበችው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹ ተሰልፈው መስመር ይሠራሉ። ፑንታው አዲስ ሲሆን መስመሩ ተኝቶ ይሄዳል፤ ስለቱ ሲያልቅ ሞተሩ ይደክማል፣ መስመሩም አቀበት ይጀምራል። ከላይ አንድ ቀይ መስመር አስምራበታለች። እዚያ ሲነካ ፑንታ ይለወጣል። እኔ ፉጨት የምለውን እሷ አቀበት ትለዋለች፣ ሌላ ልዩነት የለውም። ግን ለአቀበቱ ዲግሪ ይሰጡበታል።

ልጄ አንገቱን ወደ ስክሪኗ ማዞር ጀመረ።

መጀመሪያ ሁለታችንንም ያይ ነበር። ቀጥሎ እሷን ካየ በኋላ እኔን። በኋላ እኔን ማየቱን ረሳው። እኔም አንዳንድ የማይረባ ነገር አደረግኩ። አቧራ እንዳይነካት ብዬ ነጠላዬን ስክሪኗ ላይ ጣል አደረግኩባት፤ ምራቴ አመስግና አነሳችው፣ አጣጥፋም ሰጠችኝ። ሌላ ቀን ሻይ ስጠጣ ብርጭቆዬን ላፕቶፑ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ብርጭቆውን ወሰደችና ጨምራ ቀዳችልኝ። በእንዲህ ዓይነት ሰው መቅናት እንዴት እንደሚያደክም የቀመሰው ያውቀዋል።

አንድ ረቡዕ ረፋዱ ላይ መስመሩ ቀዩን ነካ። ምራቴ "ይለወጥ" አለች። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ፤ አዳመጥኩ፣ ፉጨት አልሰማሁም።

"ገና ነው" አልኩ። "ይህ ፑንታ ሌላ አሥር ቀዳዳ ይበሳል።"

ልጄ አንገቱን አዞረ። ወደ እኔ። ከስንት ሳምንት በኋላ። ሚስቱን አየና "እማ ከምታውቀው እኮ..." ብሎ ሳይጨርስ የማሽኑን ቁልፍ ተጫነ። በሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ጧ አለ። ውሃው ቆመ፣ ማሽኑ ቆመ፣ የመስታወቱ በር ሲከፈት ፑንታው ግማሹ ፍላንጁ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል።

ማንም አልወቀሰኝም። ምራቴ እንዲያውም በሩ ድምፅ ስለሚያፍን ነው አለች። እኔም አዎ፣ መስታወቱ ነው፣ በድሮው ድሪል ቢሆን እሰማው ነበር አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ በርጩማዬ በነበረችበት ቦታ የስክሪኗ መቆሚያ ቆሟል። በርጩማዬ በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ተቀምጣለች። "እዚህ ይሞቅሻል ብዬ ነው" አለ ልጄ። በአዳማ፣ በሚያዝያ።

በነጋታው ኩየራ ሄድኩ።

እኔ መንገድ እወዳለሁ፤ ልጆቼ አንድ ቦታ አትቀመጪም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። የከፋኝ እንደሆነ ከረጢቴን አንስቼ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ። ሞጆን፣ ቆቃን፣ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን አልፌ ሴት ልጄ ቤት እወርዳለሁ። ኩየራ ላይ ሚሲዮኑ አጠገብ ለኮሌጁ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። ዛፉ ብዙ ነው፣ አየሩ ደግ ነው። ለምን መጣሽ አላለችኝም፤ ፊቴን አየችና አልጋ አነጠፈችልኝ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ደወለ። ደህንነቴን ጠየቀ፣ ከዚያ ድምፁ ወደቀ። ስክሪኗ አብዳለች አለኝ። አዲስ ፑንታ ገጥመው አምስት ቀዳዳ ሳይበሱ መስመሩ ቀዩን ይነካል፤ ያወጡታል፣ ስለቱ እንደ ምላጭ ነው። መልሰው ይገጥሙታል፣ በሚቀጥለው ብረት መስመሩ ዝቅ ይላል። ምራቴ ፕሮግራሙን አፍርሳ እየሠራች ነው፤ የመብራት መዋዠቅ ይሆናል ብላ ኤሌክትሪሺያን አስመጥታለች፤ ምግብ አልበላ ብሏታል።

ገና ሲጀምር ገባኝ። ብረቱ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ በቁልፍ እየመታሁ የሚለይ ሰው የለም። ለስላሳውም ጠጣሩም ተደባልቆ እየገባ ነው። በጠጣሩ ላይ አዲስ ፑንታም ቢሆን ሞተሩ ይደክማል፤ ማሽኑ ደከመኝ ብሎ ይጽፋል፣ ስክሪኗ ፑንታው አረጀ ብላ ታነባለች። ቀዩን መስመር ያሰመረችው እኔ በለቀምኩላት ለስላሳ ብረት ላይ ነበር፣ እሷ ግን አታውቅም። ማንም አያውቅም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "አላህ ያግዛችሁ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ውሸት አልጽፍም፤ ጣፈጠኝ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ከረሜላ አላመጥኩት። ስክሪኗ ያለ እኔ ዕውር ናት አልኩ። ልጄ ነገ ይደውላል፣ እማ ነይ ይለኛል፣ በርጩማሽ ቦታዋ ላይ ናት ይለኛል።

በነጋታው አልደወለም። በሳምንቱ የደወለችው ምራቴ ናት። ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አላነሳችም። ሰኞ መምህራኖቿ የመመረቂያ ሥራዋን ሊያዩ ወደ ቶርኖ ቤቱ እንደሚመጡ ነገረችኝ።

"ዱዓ ያድርጉልኝ እማ። እኔ የምችለውን ሁሉ ጨርሻለሁ።"

"አደርግልሻለሁ ልጄ" አልኳት። ደግሞም አደረግኩ። እጄን ዘርግቼ፣ መልሱን በጉንጬ ውስጥ ይዤ፣ አላህ መልሱን እንዲያሳያት ለመንኩት። እንዲህ ያለ ዱዓ ያደረገ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከረሜላው ያኔ መረረ። ኩየራ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ አዳማ ለመግባትም እግሬ ፈራ። ዓርብ ተነሳሁና መሃል መንገድ ላይ፣ ቆቃ ወረድኩ።

ቆቃ ያለችው ጣውንቴ ናት። ባለቤታችን ከሞተ ወዲህ ወዳጄ ሆናለች፤ በሐዘኑ ወቅት ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳያት፣ ከእሷ በቀር እሱን እንደ እኔ የሚያውቀው ሰው እንደሌለ ገባኝ። ከሐይቁ ከሚመለሱ ጀልባዎች ዓሣ ትረከባለች፣ አጽድታ ለሆቴሎች ትልካለች። ስደርስ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየፈቀፈቀች ነበር፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ እንደ አምባር ተለጥፏል። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፣ እትዬ ነው የምትለኝ።

ቢላ ሰጠችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስክሪኗን፣ ነጠላውን፣ የተሰበረውን ፑንታ፣ በርጩማዬን። በጣም ሳቀች።

"እኔ አንዷ ጣውንት ሆንኩብሽ፣ አነሰሽና አሁን ሌላ ጨመርሽ፤ ያውም በመብራት የምትሠራ።"

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ብረቱ ነገርኳት። ቢላዋን አላቆመችም፣ ግን ቀስ አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ እትዬ" አለችኝ። "እኔ ገና ያገባሁ ጊዜ አዳማ መጥቼብሽ ነበር። ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። ባለቤታችን ሐሙስ ሐሙስ ሲደርስ በር ላይ እንኳን ደህና መጣህ ስትለው ፊቱን ይከሰክስና ሳይገባ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ምን በደልኩት፣ አንቺ ታውቂው እንደሆነ ንገሪኝ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አውቀው ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲበሳ የዋለ ሰው ጆሮው ይጮኽበታል፤ የሰው ድምፅ ያመዋል። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ጥቂት ዝም ብሎ እስኪቀመጥ አይናገሩትም። እሱ ራሱ ይህን ስለ ራሱ አያውቅም ነበር፣ ጠባዬ ነው ይል ነበር። እኔ በስንት ዓመቴ የደረስኩበት ነገር ነው።

"አላህ ያውቃል፣ ጠባዩ ነው" ብዬ ነበር የሸኘኋት።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ አሁን።

"አውቅ ነበር።"

ቆሮሶውን ገለበጠችና ሌላኛውን ጎኑን ፈቀፈቀች።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ የሚሸት መስሎኝ ነበር። ስንት ቅርንፉድ አኝኬያለሁ። ሐሙስ ሲደርስ ድዴ እስኪቃጠል።"

ይቅርታ የሚለው ቃል ከዚያ ሁሉ ቅርንፉድ አጠገብ ሲቀመጥ ያንሳል። አልኩት ግን፣ በትንሽ ድምፅ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ተቀብላውም ይሁን ሰምታው አላውቅም። ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ጣለችና "አሁን ያቺ ልጅም ቅርንፉድ ታኝክ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ገባሁ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ቶርኖ ቤት። ልጄ ሲያየኝ ደንግጦ ተነሳ፣ ከረጢቴን ተቀበለኝ። ምራቴ ስክሪኗ ፊት ነበረች፤ ፊቷ አመድ ለብሶ ከስታለች፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት።

አልተቀመጥኩም። አሥራ ዘጠኝ ቁልፌን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁና የፍላንጁን ክምር እየመታሁ ለየሁት። ይኼ ወዲህ፣ ይኼ ወዲያ። ጠመኔ ስጡኝ አልኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ለ እና ጠ ጻፍኩ። ሁለቱም ቆመው ያዩኛል። ስጨርስ ጠ ያልኩትን አንስቼ ለልጄ ሰጠሁት።

"ይህን በአዲስ ፑንታ ብሳው።"

በሳው። መስመሩ ወደ ቀዩ ወጣ። ለ ያልኩትን ሰጠሁት፤ መስመሩ ተኛ። እንደገና ጠ፣ እንደገና ወጣ። ምራቴ አፏን በእጇ ሸፈነች።

"ብረቱ ነው" አለች። "ፑንታው አይደለም። ብረቱ ነው የሚለያየው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከዚህ በፊት ለምን እንዲህ አልሆነም?"

"እኔ ስለማቀብለው ነው። ለስላሳውን እየለየሁ። ጠጣሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የምሰጠው።"

"ቅዳሜ" አለች።

ላፕቶፗ ላይ ጎንበስ ብላ ጣቷ ይሮጥ ጀመር። የድሮ መስመሮችን አወጣች፣ ማሽኑ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ ያሉትን። ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችው። መስመሩ ተኝቶ፣ ተኝቶ ይሄድና በየስድስት የሥራ ቀኑ እንደ ጉብታ ብድግ ይላል። ተኝቶ፣ ተኝቶ፣ ብድግ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት ይዋዥቃል ብዬ አውጥቼ ጥያቸው ነበር" አለች። "እርስዎ ኖት እማ። ይኼ ሁሉ ጉብታ እርስዎ ኖት።"

አየሁት። እኔ ያቺን ስክሪን ከገባችበት ቀን ጀምሮ እንደ ባላጋራ ሳያት፣ እሷ ውስጥ ሆኜ ኖሬያለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያመሰግነኝ ስሠራው የነበረውን ማሽኑ በየሳምንቱ ጽፎልኛል። ዓይኔ ሞላ። ግን ያመጣኝ ነገር ገና አልተነገረም ነበር።

"ኩየራ ሆኜ ልጄ የደወለ ዕለት ነው የገባኝ" አልኩ። "አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ቀንቼ።"

ልጄ ወደ መሬት አየ። ምራቴ ላፕቶፑን ዘጋችው፣ ቀስ ብላ።

"አሥራ አንድ ቀን" አለች።

"አዎ።"

"ቶሌ" አለች በኦሮምኛ፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ነው ወደ እናቷ ቋንቋ የምትመለሰው። ወጣችና ግቢው ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አጠገቤ አልተቀመጠችም፤ ሥራ ነበረባትና ሠራች። እኔም ልክ ናት አልኩ፣ ለእኔ ዓይነቱ ወዲያው ይቅር ባይ አያስፈልገውም።

እሑድ ሌላም ነገር ነገርኳት፤ አንዴ አፌ ከተከፈተ አይቀር ብዬ። ያ የተሰበረው ፑንታ የመስታወቱ በር ጥፋት እንዳልሆነ። ግራ ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ከተወ ቆይቷል። ፉጨቱን ከሰማሁት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለልጄ አንገት ስል ሰማሁ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ፑንታ የማስወጣው በቀዳዳ ቁጥር ገምቼ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ያምርልኝ ነበር፣ ረቡዕ ዕለት ግን በቅናት አሥር ቀዳዳ ጨመርኩበት። የብረቱ መንዘር ግን በጣቴ ነው፣ እሱ አልጠፋብኝም። ይህን ስትሰማ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠችው። የሻይ ብርጭቆዬን ወሰደችና ቀዳችልኝ።

ሰኞ መምህራኖቿ መጡ፣ ሦስት ናቸው። መስመሩን አዩ፣ ቀዩን አዩ። አንደኛው፣ መነጽር ያደረገው፣ ብረቱ ቢለያይ ፕሮግራምሽ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቃት። ምራቴ ሁለት ቀይ መስመር አሳየችው፣ አንዱ ለ የሚል፣ አንዱ ጠ የሚል። ብረቱ የቱ እንደሆነ ማን ይነግረዋል አላት። እሷ ወደ እኔ አመለከተች፤ "እናቴ ናቸው የሚነግሩት" አለች። አማቴ አላለችም። ሰውየው ሁለት ፍላንጅ ሰጠኝ፣ መታሁ፣ ጻፍኩ። ብረቶቹ ሲበሱ መስመሩ እኔ እንደጻፍኩት ሆነ። አጨበጨቡ፤ ለእሷ ነው ያጨበጨቡት፣ ተገቢም ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ምራቴ አሁን የብረቱን ድምፅ በስልኳ ትቀዳለች። እኔ እመታለሁ፣ እሷ ትቀዳለች፣ ለ ወይም ጠ እላለሁ፣ ትጽፋለች። ስክሪኗ ድምፁን ራሷ እንድትለይ እያስተማረቻት ነው። የቀረችኝን አንዲት ነገር በገዛ እጄ እያስረከብኩ እንደሆነ አውቃለሁ። እሰጣታለሁ፣ አንድም ሳልደብቅ። ስክሪኗ ስትሳሳት ግን ደስ ይለኛል፤ ይህን መከልከል አልቻልኩም።

በርጩማዬ ከበሩ አጠገብ ተመልሳለች። የድሮ ቦታዋ አይደለም፤ ከማሽኑ በወዲያኛው በኩል ናት፣ ቀኝ ጆሮዬ ወደ እሱ እንዲሆን። ያስቀመጠችው ምራቴ ናት።

ትናንት አንድ ብረት መጣ፤ ስክሪኗ ለ አለች፣ እኔ ጠ አልኩ። አስገቡትና ሦስታችንም መስመሩን ጠበቅን። እኔ እንኳ መስመሩን አልነበረም የማየው። የልጄን አንገት ነበር። መጀመሪያ ወደ ስክሪኗ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ሁለተኛ ነኝ። ቆቃ ያለችው ሁለተኛ ሆና ያን ሁሉ ዓመት ኖራለች፤ እኔም እለምደዋለሁ።